«አብሯት የተወለደ ነው» ማለት ይብቃ!

ልጅቷ ታነክሳለች። ለምን ታነክሳለች? «አብሯት የተወለደ ነው»። በቃ፣ ወሬው እዚህ ላይ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የሚጠይቅ የለም። ጎረቤት ከንፈሩን ይመጣል፣ አክስት «ዋናው ጤና ነው» ትላለች፣ እናት አንገቷን ትደፋለች።

እኔ ይቺን አባባል ዛሬ ልጣላት ነው። ማጽናኛ ትመስላለች፤ ሥራዋ ግን ማስተኛት ነው። ወላጅን ታስተኛለች፣ ጤና ባለሙያን ታስተኛለች፣ ጤና ቢሮን ታስተኛለች። ሁሉም ተኝቶ ሲነሳ ልጅቷ አራት ዓመት ሞልቷታል፣ እንደ ዳክዬ እየተወዛወዘች ትሄዳለች፣ ጊዜውም አልፏል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ማለት ይኼ ነው።

የማወራው ስለ ዳሌ ነው። ሕፃናት ሲወለዱ ወይም ከተወለዱ በኋላ ባሉት ወራት ስለሚመጣው የዳሌ መገጣጠሚያ ጉድለት። «ደግሞ ዛሬ ስለ ዳሌ ልትጽፍ ነው?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። የዚህ ቻናል ተከታታይ የለመደው ስለ ምርጫ፣ ስለ ዶላር ምንዛሬ፣ ስለ ኑሮ ውድነት ነው። ታገሱኝ። ያለ ምንም ማሽን፣ በሁለት እጅና በሁለት ደቂቃ ሊሠራ የሚችል ሥራ ሳይሠራ ቀርቶ አንዲት ሕፃን ዕድሜ ልኳን ስትከፍለው፣ ከዚህ የበለጠ ወቅታዊ ጉዳይ ምን አለ?

🔴 ነገሩ ምንድን ነው?

የዳሌ መገጣጠሚያን ሙቀጫና ዘነዘና ነው ብላችሁ አስቡት። የጭን አጥንት የላይኛው ጫፍ ክብ ነው፤ ዘነዘናው እሱ ነው። የዳሌ አጥንት ላይ ደግሞ ይህን ክብ ራስ የሚቀበል ጎድጓዳ ቦታ አለ፤ ሙቀጫው እሱ ነው። አዲስ በተወለደች ሕፃን ላይ ሁለቱም ገና አልጠነከሩም፤ አብዛኛው ክፍላቸው እንደ ጆሯችን የሚተጣጠፍ ልም አጥንት ነው። ሙቀጫው በደንብ የሚጎደጉደው ዘነዘናው በትክክል ውስጡ ተቀምጦ ሲንቀሳቀስ ነው። ዘነዘናው ከወጣ፣ ወይም ጠርዙ ላይ ከቆመ፣ ሙቀጫው ጥልቀት አያገኝም። እንደ ሳህን ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል። ልጅቷ እያደገች ስትሄድ የጭን አጥንቱ ራስ ወደ ላይ ይንሸራተታል፣ ጡንቻው ያጥራል፣ ባዶው ቦታ በሌላ ሥጋ ይሞላል። መጀመሪያ በጣቶች ቀስ ያለ ግፊት ቦታው ይገባ የነበረው አጥንት ከሁለት ዓመት በኋላ የቀዶ ሐኪም ቢላ ይጠይቃል።

ደረጃው ይለያያል። አንዷ ላይ ሙቀጫው ትንሽ ጠፍጠፍ ያለ ብቻ ነው። ሌላዋ ላይ አጥንቱ ገባ ወጣ ይላል። ሌላዋ ላይ ጨርሶ ወጥቷል። በዓለም ደረጃ ጨርሶ የወጣው ከ1,000 ሕፃናት በ1 ወይም በ2ቱ ላይ እንደሚገኝ ይገመታል፤ ቀለል ያለው ዓይነት ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሴቶች ላይ ከወንዶች 4 እጥፍ ያህል ይታያል። ግራው ዳሌ ከቀኙ ይበልጥ ይጠቃል። በመቀመጫዋ የመጣች ሕፃን፣ በቤተሰቧ ውስጥ ይኼው ችግር የነበረበት ሰው ያላት ሕፃን፣ የመጀመሪያ ልጅ የሆነች፣ ማሕፀን ውስጥ የእንሽርት ውኃ ያነሰባት፣ እነዚህ ሁሉ ተጋላጭነታቸው ከፍ ያለ ነው። በመቀመጫዋ የመጣችው በኦፕራሲዮን ብትወለድም ከጥርጣሬ ነጻ አይደለችም፤ ዳሌዋን የሚጫነው ማሕፀን ውስጥ የተቀመጠችበት አኳኋን ነውና።

ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። አያምም! ሕፃኗ አታለቅስም፣ አታተኩስም፣ ጡት አትተውም። ጆሮዋን ብታማት ቤቱ በአንድ እግሩ ይቆማል። ዳሌዋ ወጥቶ ግን ትስቃለች። ስለዚህ ካልፈለጉት አይገኝም።

🔴 ሐኪሞቹ ስሙን ቀይረውታል፣ እኛስ?

የሕክምናው ዓለምም ለረጅም ዘመን «አብሮ የተወለደ የዳሌ ውልቃት» ሲለው ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ግን «በዕድገት ሂደት የሚከሰት የዳሌ ጉድለት» ወደሚል ስም መዞር ተጀመረ። የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ስትወለድ ደህና የመሰለ ዳሌ በቀጣዮቹ ወራት ሊበላሽ ይችላል። ስትወለድ የላላ ዳሌ ደግሞ ራሱን ሊያጠነክር ይችላል። ነገሩ በተወለደችበት ቀን ተጽፎ የተዘጋ ፍርድ ሳይሆን ገና በሂደት ላይ ያለ ጉዳይ ነው።

እንግሊዛዊው ሐኪም ባርሎው እ.ኤ.አ. በ1962 ያሳተመው ጥናት ይህንን በቁጥር አሳይቷል። ሲወለዱ ዳሌያቸው ላልቶ ከተገኙት ሕፃናት ከ100 ወደ 60ዎቹ በመጀመሪያው ሳምንት፣ 88ቱ ደግሞ በሁለት ወር ውስጥ በራሳቸው ጠነከሩ። «አየህ! በራሱ ይስተካከላል» የሚል ሰው ካለ እውነቱን ነው፤ ለ88ቱ። ለቀሪዎቹ 12 ግን ይቺው ዓረፍተ ነገር ፍርድ ናት። 88ቱን ከ12ቱ የሚለየው ደግሞ ጊዜ ጠብቆ ደጋግሞ ማየት ብቻ ነው። አንድ ጊዜ አይቶ «ደህና ናት» ብሎ መሸኘት አይበቃም።

🔴 ሰዓቱ እየቆጠረ ነው

ለዚህ ችግር ሕክምና አለ። እንደውም ከአጥንት ሕመሞች ሁሉ በጊዜ ከተደረሰበት ቀላል ከሚባሉት አንዱ ነው። በጊዜ ካልተደረሰበት ግን ዋጋው እንዴት እንደሚንር ተመልከቱ።

▪️ ከ6 ወር በታች። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አርኖልድ ፓቭሊክ የተባለ የቼክ ሐኪም የሠራው ማሰሪያ አለ። ከትከሻዋ የሚወርዱ ለስላሳ ማንገቻዎች ሁለቱን እግሮቿን ጉልበቷ ላይ አጥፈው፣ ወደ ጎን ከፍተው ይይዟቸዋል። ቢላ የለም፣ ማደንዘዣ የለም። ሐኪም እየተከታተላት ለጥቂት ሳምንታት ወይም ለሁለት ሦስት ወር ታደርገዋለች። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተጀመረላቸው አብዛኞቹ ሕፃናት በዚሁ ይድናሉ።

▪️ ከ6 ወር እስከ 18 ወር ገደማ። አሁን ማደንዘዣ ያስፈልጋል። ሐኪሙ አጥንቱን ወደ ቦታው ይመልስና ከደረቷ በታች ጀምሮ እግሯ ድረስ በጀሶ ይሞሽራታል። ይህ ወራት ይወስዳል። ጀሶ ውስጥ ያለች ሕፃንን ማዘል፣ ማጠብ፣ ሽንት ጨርቋን መቀየር ምን ማለት እንደሆነ ያየ ያውቀዋል።

▪️ ከ18 ወር በኋላ። ብዙውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና ነው። መገጣጠሚያው ይከፈታል፣ የዳሌ አጥንት ተቆርጦ ጠፍጣፋው ሙቀጫ ይስተካከላል፣ አንዳንዴም የጭን አጥንት ያጥራል። ከዚያ እንደገና ጀሶ።

▪️ ወደ 8 ዓመት ከተጠጋች በኋላ። ሐኪሞች ራሳቸው «ብንነካው ይሻላል ወይስ ብንተወው?» ብለው የሚከራከሩበት ደረጃ ነው። ልጅቷ በሃያዎቹና በሠላሳዎቹ ዕድሜዋ የአሮጊት ሕመም ይጀምራታል። በወጣትነታቸው ሰው ሠራሽ ዳሌ ከሚተከልላቸው ሰዎች ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ በልጅነት ያልታከመ ዳሌ ነው።

ከጨርቅ ማሰሪያ ተነስቶ ሰው ሠራሽ ዳሌ ድረስ! በመካከላቸው ያለው ልዩነት ገንዘብ ይመስላል። ምንጩ ግን ማንም እጁን አንስቶ የሕፃኗን ጭን ከፍቶ አለማየቱ ነው።

የማውቃት አንዲት ልጅ አለች፤ ስሟን አልጠራም፣ ያዩአትን ጤና ተቋማትም አልጠራም። በመቀመጫዋ የመጣች ናት። ክትባቷን አንድም ሳታዛንፍ ወስዳለች፤ ካርዷ ሙሉ ነው። በእያንዳንዱ ቀጠሮ ጭኗ ላይ መርፌ ተወግታለች። ያን ጭን ወደ ጎን ከፍቶ ያየ አንድ ሰው ግን አልነበረም። ዘግይታ መሄድ ጀመረች፤ «ሴት ልጅ ትዘገያለች» ተባለ። ማነከስ ጀመረች፤ «ትለምደዋለች» ተባለ። ወጌሻ ጋር ተወሰደች፤ ታሸች፣ ተጎተተች፣ ታሰረች። የአጥንት ስፔሻሊስት ፊት የቀረበችው አራት ዓመት ካለፋት በኋላ ነው። ሐኪሙ ራጁን አይቶ መጀመሪያ የጠየቀው «እስካሁን የት ነበራችሁ?» ብሎ ነው። የት ነበሩ? ጤና ተቋም ነበሩ! ደጋግመው!

🔴 ስለ ወጌሻ

የወጌሻን ነገር ሳነሳ የሚቆጣ እንዳለ አውቃለሁ። ሐኪም በሌለበት አገር ስንቱን ስብራት የጠገኑ፣ ትውልድ ያገለገሉ ሰዎች ናቸው። አከብራቸዋለሁ። የሕፃን ዳሌ ግን የወለቀ ትከሻ አይደለም።

ለዚህ ምስክር የምጠራው የአውሮፓን ታሪክ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አዶልፍ ሎሬንዝ የተባለ የቪየና ሐኪም ሳይቆርጥ፣ በእጁ ኃይል ብቻ ዳሌ በመመለስ ዓለም አወቀው። እ.ኤ.አ. በ1902 የአንድ አሜሪካዊ ከበርቴ ልጅ ለማከም ቺካጎ ድረስ ተጠርቷል። በኃይል የተመለሱና በተለጠጠ ሁኔታ በጀሶ የታሰሩ ዳሌዎች ግን ከጊዜ በኋላ ብዙዎቹ ሌላ መዘዝ አመጡ። ወደ አጥንቱ ራስ የሚሄደው ደም ተቋርጦ አጥንቱ ይሞታል። ፓቭሊክ ማሰሪያውን የሠራው ይህንን ጉዳት አይቶ ነው። የሱ ሐሳብ «አታስገድዱት፤ እግሯን አጥፋችሁ ክፈቱላት፣ እሷው ስትንፈራገጥ አጥንቱ ቦታውን ያገኛል» የሚል ነበር።

እንግዲህ በዘመኑ ስመ ጥር የነበረው የቪየና ሐኪም በኃይል ሠርቶ አጥንት ከገደለ፣ እኛ በቅቤ አሽተን፣ ጎትተን፣ በቀርከሃ አስረን ምን እናደርጋለን? ማሸት የወጣ ዳሌ አይመልስም። ጊዜ ይበላል፣ አንዳንዴም ደም ያቋርጣል። ሐቀኛ ወጌሻ «ይኼ የኔ አይደለም፣ ሐኪም ቤት ውሰዷት» የሚል ነው። እንዲህ የሚሉ አሉ፤ ይብዙልን።

🔴 የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። ሁለት ልማድ አለን። አንዱ ያድናል፣ አንዱ ይጎዳል።

የሚጎዳው የቱ ነው? አራስ ልጅን እግሮቿን ገጥሞ፣ ቀጥ አድርጎ፣ በጨርቅ ጥፍር አድርጎ መጠቅለል። «እግሯ እንዳይወላገድ» ይባላል። ወገኖቼ፣ የአራስ እግር ሲወለድ የታጠፈና ጎበጥ ያለ ነው፤ ተፈጥሮው ነው። መሄድ ከጀመረች በኋላ ቀስ በቀስ ራሱ ይቃናል። እግር የሚያጣምመው ሪኬትስ ነው፤ እሱም በአብዛኛው የሚመጣው ከቫይታሚን ዲ እጥረት፣ ማለትም ከፀሐይ ማጣት ነው። ጠቅልለን ጓዳ ውስጥ በማስተኛታችን እግሯን አላቃናንም፤ ፀሐይዋን ከለከልናት፣ ዳሌዋንም ከሙቀጫው ገፋነው።

ይህ የእኔ ፍልስፍና አይደለም። ጃፓኖች ሞክረውታል። በጃፓን የሕፃን እግር ዘርግቶ መጠቅለል የተለመደ ነበር፤ የዳሌ ውልቃቱም ከ100 ሕፃናት ከ1 እስከ 3 ያህሉን ይይዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ «የሕፃን እግር አትዘርጉ» የሚል አገር አቀፍ ዘመቻ ጀመሩ። አያቶችንና አዋላጆችን አስተማሩ። ቁጥሩ ከ1,000 ሕፃናት ከ2 በታች ወረደ። ክትባት አልፈጠሩም፣ መድኃኒት አልቀመሙም። የጨርቅ አጠቃለል ነው የቀየሩት! በአሜሪካ የናቫሆ ሕዝብ ዘንድም ሕፃናት እግራቸው ተዘርግቶ በጣውላ ማዘያ ላይ ይታሰሩ በነበረ ጊዜ ይኸው ችግር በብዛት ይታይ ነበር።

የሚያድነውስ? አንቀልባ! ያ በዛጎል ያጌጠ የቆዳ አንቀልባ፣ ወይም ነጠላውን አጣጥፎ ማዘል። ሕፃኗ እግሮቿን ከፍታ፣ ጉልበቷን አጥፋ፣ የእናቷን ወገብ አቅፋ ትቀመጣለች። ይህን አቀማመጥ ፓቭሊክ በማሰሪያው ካመጣው አቀማመጥ ጋር አስተያዩት። ያው ነው። በማላዊ ብላንታየር ያለ የአጥንት ሆስፒታል ሐኪሞች እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2012 ያስተናገዷቸውን ከ40,000 በላይ ልጆች መዝገብ ሲያገላብጡ፣ ለዚህ ችግር ቀዶ ሕክምና የተደረገለት አንድም ልጅ አላገኙም። የሰጡት ግምት «እናቶቹ ልጆቻቸውን ስለሚያዝሉ ነው» የሚል ነበር። ዘርም ድርሻ ሊኖረው ይችላል፤ ማዘል ግን ለዳሌ ደግ መሆኑን የሚከራከር የአጥንት ሐኪም አይገኝም።

አሁን ከተማውን ተመልከቱ። አንቀልባ «የገጠር ነው» ተባለና ግድግዳ ላይ ጌጥ ሆኖ ተሰቀለ። ጠፍሮ መጠቅለሉ ግን ቀረ? አልቀረም! አያቶቻችን ሁለቱንም ያደርጉ ነበር፤ ቢጠቀልሉም ቀኑን ሙሉ ያዝሉ ነበር። እኛ መድኃኒቱን ጥለን መርዙን አስቀረን። በጋሪ እየተገፋች፣ በመኪና ወንበር ታስራ ውላ፣ ማታ ደግሞ ተጠፍራ የምትተኛ ሕፃን መቼ እግሯን ትክፈት? የሚያስቀው ደግሞ አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን «ለሕፃን ዳሌ የሚስማማ» ተብሎ የተጻፈበትን ማዘያ ከመቶ ዶላር በላይ ከፍለው መግዛታቸው ነው። የእማማን አንቀልባ ሱቅ ውስጥ አገኙት ማለት ነው።

🔴 «ግን እኮ…» ለምትሉ

አንደኛ፦ «አንተው ራስህ አፍሪካ ውስጥ ብርቅ ነው አልክ፤ ታዲያ ምን አስጨነቀህ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። እንቁጠር። በኢትዮጵያ በዓመት ከ3 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት ይወለዳሉ። የዓለሙን ግምት ብንወስድ በትንሹ 3,000 ሕፃን ይሆናል። የእኛ የዚያ አንድ አሥረኛ ብቻ ነው እንበል። 300 ሕፃን ነው። በየዓመቱ! በአሥር ዓመት 3,000። አብዛኞቹ ሴቶች። ገጠር ውስጥ ውኃ ልትቀዳ፣ እንጨት ልትለቅም፣ ትምህርት ቤት ለመድረስ በእግሯ ሰዓታት ልትሄድ የተፈረደባት ሴት ልጅ ላይ ማንከስ ምን እንደሚጨምር ለእናንተ አልነግራችሁም። የሠርጓን ወሬ፣ የቅጽል ስሟን፣ የወለደች ቀን የሚገጥማትን ሥቃይ አስቡት። «ጥቂት ናቸው» የሚባለው ልጅቷ የሌላ ሰው ስትሆን ነው።

ሁለተኛ፦ «ገንዘብ የለም። አልትራሳውንድ ከየት ይመጣል?» ኦስትሪያ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ፣ ጀርመን ከ1996 ጀምሮ እያንዳንዱን ሕፃን በአልትራሳውንድ ያያሉ። እኔ ያን እየጠየቅሁ አይደለም። ጣሊያናዊው የሕፃናት ሐኪም ኦርቶላኒ እ.ኤ.አ. በ1937 ያስተዋወቀው ምርመራ የሚፈልገው ሁለት የሠለጠኑ እጆችን ነው። እንግሊዝ አገር ሕፃን በተወለደች በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ከዚያም በ6 እና በ8 ሳምንት መካከል ዳሌዋ በእጅ ይታያል። እጅ አጣን እንዴ?

ሦስተኛ፦ «ባለሙያው ሥራ በዝቶበታል፤ አገሩም በጦርነት ታምሷል፤ ስንቱ ጤና ጣቢያ ፈርሶ ስለ ዳሌ?» ልክ ነው፤ በዝቶበታል፣ ደመወዙም ኑሮውን አይሸፍንም። ለዚህ ነው አዲስ ፕሮግራም፣ አዲስ በጀት፣ አዲስ ቢሮ የማልጠይቀው። እናት በክትባት ቀን ልጇን ይዛ እየመጣች ነው። ሕፃኗ ልብሷ ተገልጦ፣ ጭኗ ተጋልጦ፣ መርፌ እየተወጋች ነው። እዚያው ላይ ሁለት ደቂቃ ጨምሩ ነው የምለው።

🔴 የምጠይቀው ይኼን ነው

የአገራችንን የክትባት ቀጠሮ አስታውሱ። እንደተወለደች፣ በ6 ሳምንት፣ በ10 ሳምንት፣ በ14 ሳምንት፣ በ9 ወር፣ በ15 ወር። አሁን ከላይ ያስቀመጥኩትን የሕክምና ሰዓት አጠገቡ አድርጉት። የጨርቅ ማሰሪያው የሚሠራባቸው ወራት ውስጥ እናትየዋ አራት ጊዜ ጤና ተቋም ትመጣለች! የ15 ወሩ ቀጠሮ ደግሞ ልጅቷ መሄድ የምትጀምርበት፣ ከ18 ወሩ በር በፊት ያለ የመጨረሻ ዕድል ነው። ሰው አስልቶ ቢያወጣው እንኳ እንዲህ አይገጥምም።

ስለዚህ፦

1️⃣ የክትባት ካርድ ላይ አንድ መስመር ይጨመር፦ «ዳሌዋ ታይቷል»። በየቀጠሮው ምልክት የሚደረግበት። ባለሙያው የሚሠራው ካርዱ የሚጠይቀውን ነው።

2️⃣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችና አዋላጆች አራት ነገር ይሠልጥኑ። በመቀመጫዋ ነው የመጣችው? ቤተሰብ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው አለ? ጉልበቷ ታጥፎ ጭኖቿ ወደ ጎን ሲከፈቱ ሁለቱም እኩል ይከፈታሉ? በጀርባዋ ተኝታ እግሯ ሲታጠፍ ሁለቱ ጉልበቶች እኩል ይቆማሉ? ዳሌው ገባ ወጣ ማለቱን የሚፈትሸው የኦርቶላኒ ምርመራ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው የሚሠራው፤ ከ3 ወር ገደማ በኋላ ጡንቻው ስለሚጠብቅ ዋናው ምልክት የጭኑ እምቢ ብሎ አለመከፈት ነው። ይህንን ለይቶ ማስተማር ያስፈልጋል።

3️⃣ በመቀመጫቸው የመጡ ሕፃናት በሙሉ፣ አልትራሳውንድ ባለበት ቦታ፣ 6 ሳምንት ሲሞላቸው ይታዩ። መሣሪያው ለእርግዝና ክትትል ተብሎ በየሆስፒታሉ ገብቷል።

4️⃣ አራስ ቤት የሚሰጠው ምክር ውስጥ «እግሯን ዘርግታችሁ አትጠፍሩ» የሚለው ይግባ። ብርድ ካስፈራ ከወገብ በላይ ጠቅልሉ፤ ከወገብ በታች ሰፋ አድርጉላት፣ ትንፈራገጥ።

«አይቻልም» የሚለኝ ካለ የቆልማማ እግርን ነገር ልጠይቀው። ቆልማማ እግር ትናንት «እርግማን» ነበር። ዛሬ በአገራችን በየክልሉ ባሉ ክሊኒኮች ፖንሴቲ በተባለው ዘዴ፣ በየሳምንቱ በሚቀየር ጀሶና በትንሽ ጫማ ይቃናል። ሕፃናት ቆመው ሄደዋል። እንዴት ተቻለ? ቆልማማ እግር ይታያላ! ማንም ያየዋል። ዳሌ ግን ከሽንት ጨርቅ ሥር ተደብቋል። የሚታየውን አከምን፣ የተደበቀውን ረሳን።

🔴 እስከዚያው እናንተ

ጤና ሚኒስቴር እስኪሰማ አትጠብቁ። ዛሬ ማታ ሕፃኗን ስታጥቧት እዩ። ጭኖቿ እኩል ይከፈታሉ? አንደኛው እግር ያጠረ ይመስላል? የጭኗ ላይ እጥፋቶች በግራና በቀኝ በጣም ይለያያሉ? (የእጥፋት ልዩነት ጤነኛ ሕፃን ላይም ይታያል፤ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ለመጠየቅ ግን ይበቃል።) መሄድ የጀመረችዋ ታነክሳለች? በጣቷ ትቆማለች? ወዲያና ወዲህ ትወዛወዛለች? ሁለቱም ዳሌ የተጎዳባት ልጅ ላይ ግራና ቀኙ እኩል ስለሆነ በማነጻጸር አይለይም፤ አረማመዷን እዩ። አንዱ ካለ ወደ ሕፃናት ሐኪም ወይም ወደ አጥንት ሐኪም ሂዱ። «ትለምደዋለች» ከተባላችሁ «ዳሌዋን ከፍተው ይዩልኝ» በሉ። ይህን ማለት ድፍረት አይደለም፤ መብታችሁ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ጥቁር አንበሳና ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል የልጆችን አጥንት የሚያክሙ ስፔሻሊስቶች አሉባቸው፤ ክልል ያላችሁ ሪፈራል ጠይቁ።

ውጭ ያላችሁም ስሙ። እናንተ ባላችሁበት አገር የልጃችሁ ዳሌ በየቀጠሮው ይታያል፤ እናንተም አስተውላችሁት አታውቁ ይሆናል። አገር ቤት ላለችው እህታችሁ ስትደውሉ «ልጅቷ አደገች?» ብቻ አትበሉ። «ዳሌዋ ታየ?» በሉ። ለአራስ ጥሪ ገንዘብ ስትልኩ ይህን ጥያቄ አብራችሁ ላኩት። ክፍያ የለውም።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት አባቶቻችን ስለ ዳሌ አላወሩም። ከዚህ የተሻለ የሚገልጸው አባባል ግን የለኝም። ቅጠሉ በእጃችን ነው፤ የጨርቅ ማሰሪያ፣ አንቀልባ፣ ሁለት እጅ፣ ሁለት ደቂቃ። ከእንግዲህ አንዲት ልጅ ስታነክስ አይታችሁ «አብሯት የተወለደ ነው» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ ዝም አትበሉ። «ማን አይቷት ነበር?» ብላችሁ ጠይቁት።

ይህን ጽሑፍ ለነፍሰ ጡሮች፣ ለአራሶች፣ በተለይ ደግሞ አራስ ለሚያርሱ እናቶችና አያቶች አድርሱልኝ። ማንበብ ለማይችሉት አንብቡላቸው። የጤና ባለሙያ የሆናችሁ ተከታታዮች፣ በየጤና ጣቢያችሁ ያለውን እውነታ ከታች ጻፉልኝ፤ የምታርሙኝም ካለ እቀበላለሁ።

ቸር ያሰማን።